«እጅህ ነው» አትበሉት

ፑል ቤት ስትገቡ ግድግዳው ላይ የተደገፉትን ዱላዎች ቁጠሩ። አምስት ወይም ስድስት ይሆናሉ። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ባንኮኒው ጀርባ ላክ አድርጉ፤ አንድ ሌላ አለ። እሱ ከቁጥር አይገባም፤ የደንበኛ ነው። ደንበኛው ሲገባ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ጎንበስ ብሎ ያወጣለታል፣ እሱም ምንም ሳይል ይቀበላል። ሁለቱም የሚያውቁትን አይነጋገሩበትም። ግድግዳው ላይ ያሉት ዱላዎች ወገባቸው የላላ ነው።

ቀጥሎ አንድ ልጅ ይገባል። ከአማኑኤል ይሁን ከሉማሜ፣ ለትምህርት ይሁን ለሥራ፣ ደብረ ማርቆስ ከመጣ ሁለት ወር አልሞላውም። ከግድግዳው አንዱን ያነሳል። ዱላው ሲያዩት ያምራል፤ መሀሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለበት አለው፣ ለሁለት ተፈትቶ የሚገጠም ዓይነት ነው። ልጁ ጎንበስ ይላል፣ ያነጣጥራል፣ ይመታል። መዳፉ ውስጥ «ጥዝ» የሚል ነገር ይገባና ኳሷ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሳ ትቀራለች። አንደኛው ጨዋታ እንዲህ ያልቃል፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ልጁ ይከፍላል። «ዱላው እኮ ልክ አይደለም» ብሎ አፉን ሲከፍት ቤቱ በሙሉ ይስቃል። «ወንድምዬ፣ ዱላውን ተወው፣ እጅህ ነው።»

ያን ከባንኮኒ ጀርባ የወጣ ዱላ ይዞ የቆመው ሰውዬም አብሮ ይስቃል። ከሁሉ የሚያናድደው የእሱ ሳቅ ነው።

እጅ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ፣ ያ ዱላ ለምን ተደበቀ? ዱላ ለውጥ የማያመጣ ከሆነ ደንበኛው ከግድግዳው አንዱን ያንሳ፣ ልጁ ደግሞ የተደበቀውን ይያዝ። አንድ ማታ ብቻ ይሞከር። አይሞከርም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋላ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ። ባለቤቱን «ዱላህን አስጠግን» ከማለት ልጁን «እጅህ ነው» ማለት ይቀላል። ባለቤቱ ጓደኛ ነው፣ አንዳንዴም በዱቤ ያጫውታል። ልጁ ግን የማንም አይደለም።

ፍርድ እንዳይጓደል የእነሱም ክርክር ይሰማ። ጎበዝ ተጫዋች በመጥረጊያ እንጨትም ያሸንፋል ይላሉ። እውነት ነው፣ ያሸንፋል። ግን ጎበዝ የሆነው በመጥረጊያ እንጨት ተምሮ አይደለም። እጁ አንዴ ከተማረ በኋላ መጥፎውን ዱላ ችሎት ይጫወታል፤ የት እንደሚያዛባ ያውቃልና ያቃናዋል። ገና የሚማረው ልጅ ግን ማቃኛ የለውም። ለእሱ ዱላው አስተማሪው ነው፤ ያውም ውሸታም አስተማሪ።

እንዴት እንደሚዋሽ በደንብ እንየው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና።

ዱላው ጫፍ ላይ ያለችው ቆዳ ከነጯ ኳስ ጋር ተነካክታ የምትቆየው የሰከንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሺህኛ። የሰው እጅ አንድ ነገር ተሰምቶት መልስ እስኪሰጥ ከዚያ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። እንግዲህ «ስመታው ተሰማኝ» የሚባለው ነገር ለእጃችን ሲደርስ ኳሷ ሄዳለች። በስሜቱ ተመርቶ ምቱን ያረመ ሰው በዓለም ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ይህን የሰሙ ብልጦች ወዲያው ዘለው «በቃ፣ ስሜት የሚባለው ወሬ ነው፣ መጋጠሚያው ቢላላስ ምን ይለውጣል?» ይላሉ።

ብዙ ይለውጣል። ያ ስሜት ለእጅ የሚደርስ ሪፖርት ነው። ኳሷን መሀሏን መታሃት ወይስ ትንሽ ወደ ግራ ሳትክ? ክንድህ ቀጥ ብሎ ሄደ ወይስ መጨረሻ ላይ ተጠመዘዘ? ጠበቅ አድርገህ ነው የያዝከው ወይስ ለቀቅ? ይህን ሁሉ የሚነግርህ በእንጨቱ ውስጥ ተጉዞ መዳፍህ የሚደርሰው ንዝረትና ጆሮህ የሚሰማው ድምፅ ነው። የሚቀጥለውን ምት የምታስተካክለው በዚህ ሪፖርት ነው። በሺህ ምት ሺህ ሪፖርት ይደርስሃል፤ «እጅ» ብለን የምንጠራው ችሎታ የእነዚያ ሪፖርቶች ክምችት ነው። አሁን ሪፖርቱ መሀል መንገድ ላይ በላላ መጋጠሚያ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጉት። ደህና ምት «ጥዝ» ይላል። መጥፎ ምትም «ጥዝ» ይላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆኑ ማለት ልጁ ከሺህ ምት ምንም አይማርም ማለት ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ላለመማር ነው።

ሌላ ወገንም አለ፤ እሱንም ማለፍ አይገባም። ቪዲዮ አይቶ የመጣ ነው። ይሄኛው «እጅህ ነው» አይልም። «መጋጠሚያው ብረት ካልሆነ ኃይል የለውም» ይላል። ዱላ ሲመርጥ መሀሉን ብቻ ያያል፤ ቀለበቱ ካበራ ይገዛል። ከመርካቶ በከረጢት ተሸክሞ ያመጣዋል፣ ሦስት ወር ሳይሞላው መሀሉ ይንኳኳል፣ እሱ ግን ብረት ነውና አሁንም ኃይል አለው ብሎ ያምናል።

ብረት ኃይል አይሰጥም። ኃይል የሚሰጠው ክንድ ነው። የብረት መጋጠሚያ መሀሉ ላይ ትንሽ ክብደት ይጨምርና የዱላውን ሚዛን ወደ ፊት ሳብ ያደርገዋል፣ ድምፁንም ሹል ያደርገዋል። ጆሮ ሹል ድምፅ ሲሰማ «ጠነከረ» ብሎ ይተረጉማል፤ ከዚህ ሌላ ተአምር የለውም። መደበኛ የፑል ዱላ ርዝመቱ 147 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ500 እስከ 600 ግራም ገደማ ነው። እኩል ለሁለት የሚከፈል ከሆነ መጋጠሚያው ከጫፉ 73 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ነጯን ኳስ ከመሀሏ ወደ ጎን ስትመታት ካነጣጠርክበት መስመር ትንሽ ትሸሻለች፤ ይህን ሽሽት የሚወስነው የዱላው የጫፍ ክፍል ክብደት ነው፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጠው። ወደ ጎን የሚሄደው መወዛወዝ ቀርፋፋ ስለሆነ በዚያች ሺህኛ ሰከንድ ከዚያ አልፎ ሩቅ አይሄድም፤ መሀል ላይ ያለው መጋጠሚያ ወሬውን ሳይሰማ ኳሷ ትለያለች። ለዚህ ነው ኳስ አይሸሽባቸውም የሚባሉትን ዱላዎች የሚሠሩት ድርጅቶች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጫፉን ሲያቀሉ፣ ውስጡን ባዶ ሲያደርጉ የኖሩት።

ቀጥ ብሎ የሚሄደው ግፊት ግን ሌላ ነው። በእንጨት ርዝመት ድምፅ በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከጫፉ ተነስቶ መጋጠሚያው ጋ ደርሶ ይመለሳል፣ ቆዳዋ ገና ኳሷን ሳትለቅ። ስለዚህ መጋጠሚያው ጥቂት ድርሻ አለው። ሁለቱ ግማሾች ፊት ለፊት ሙሉ ለሙሉ ከተገናኙ ግፊቱ እንደ አንድ እንጨት ያልፋል። ክፍተት ካለ ከግፊቱ የተወሰነው እዚያው እርስ በርስ በመላተም ያልቃል። ከናስ ቢሠራ፣ ከብረት ቢሠራ፣ እንጨት ከእንጨት ቢገጥም ልዩነቱ የጆሮና የልማድ ነው። መግጠም አለመግጠሙ ግን የልማድ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ስም ከተነሳ አንድ ነገር እዚህ ጋ ይባል። እ.ኤ.አ. በ1986 ማርቲን ስኮርሴዚ ፖል ኒውማንንና ቶም ክሩዝን ይዞ ስለ ፑል ፊልም ሠራ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ዱላ እንደ ታቦት ይታያል፤ «ባላቡሽካ» ይሉታል። ጆርጅ ባላቡሽካ ሩሲያ ተወልዶ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ዱላ ይሠራ የነበረ እውነተኛ ሰው ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ስሙን ያልሰማ ፑል ተጫዋች ጠፋ። ካሜራው ፊት የነበረው ዱላ ግን የእሱ ሥራ አልነበረም፤ ጆስ የሚባል ሌላ አምራች የሠራው ነበር። ዓለም በሙሉ አይቶ አልለየውም። ዓይን መጋጠሚያ አይለይም። ዓይን የሚለየው ቀለበት ነው።

እጅ ሲሆን ይለያል፣ ግን ምኑን እንደሚፈትሽ ካወቀ። የመጋጠሚያ ችግር ሦስት ቦታ ይደበቃል። አንደኛው ፊቱ ነው። ሁለቱ ግማሾች የሚነካኩበት ገጽ ተበልቶ ወይም ቆሻሻ ይዞ ሙሉ ለሙሉ አይገናኝም፤ ወደ መብራት አቅርባችሁ ካያችሁት ብርሃን እንደ ክር ያልፋል። ሁለተኛው ፊሌቶው ነው፤ የብሎኑ ጥርስ ተበልቶ በባዶ ይዞራል፣ ሲጠብቅም ወገቡ ይወዛወዛል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፣ ከውጭ አይታይማ! ብሎኑን የያዘው ወይም ብሎኑ የሚገባበት ናስ እንጨቱ ውስጥ በኮላ የተቀመጠ ነው። ኮላው ሲለቅ ናሱ እንጨቱ ውስጥ ይላወሳል። መጋጠሚያው ሲታይ ጥብቅ ነው፣ ፊቱ ገጥሟል፣ ብርሃን አያሳልፍም። ሲመታ ግን ይጮኻል። ባለቤቱ «እየው፣ ጥብቅ እኮ ነው!» ብሎ የሚምልላችሁ ይህኛውን ነው።

በየፑል ቤቱ የሚደረገው ጥገና ደግሞ ለጉድ ነው። ብሎኑ ላይ የፌስታል ቁራጭ ይጠመጠማል። የሲጋራ ወረቀት ይጎረሳል። ከውጭ ስኮች ሦስት ዙር ይዞራል። በዚህ ጊዜ ብሎኑ ጠብቆ ይገባል፣ እጅም «ጠበቀ» ይላል። ፊቶቹ ግን አሁን ጭራሽ አይነካኩም፤ መሀላቸው ፌስታል አለ። መጮኹ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። የቀነሰው ግን ሪፖርቱ ራሱ ስለታፈነ ነው። ድሮ ይዋሽ የነበረው አስተማሪ አሁን ዲዳ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ጉልበተኛው ይመጣና በጨርቅ ይዞ በሙሉ ኃይሉ ያጠብቀዋል፤ በዚያ ቀን ናሱ ከእንጨቱ ይላቀቃል።

የአየሩም ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም፣ የጮቄ ጉም ከተማው ላይ ይተኛል፣ የሰቀልከው ልብስ በሁለተኛው ቀን ይደርቃል ብለህ አትገምትም። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ቀን ፀሐዩ ያነድዳል፣ አየሩ ይደርቃል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል፣ ሲደርቅ ወደ ጎን ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ምንም አይልም ማለት ይቻላል። ናስ ደግሞ ለእርጥበት ደንታ የለውም። እንግዲህ አንዱ የሚያብጥ፣ አንዱ የማያብጥ፣ በአንድ ቀጭን ኮላ ተያይዘው ዓመቱን ሙሉ ሲጓተቱ ይከርማሉ። «ሐምሌ ላይ እኮ ልክ ነበር» የሚል ባለቤት አይዋሽም። ሐምሌ ላይ ልክ ነበር። የካቲት ላይ ነው የላላው። ዱላውን ከእርጥብ ግድግዳ አስጠግቶ ያቆመው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚገባበት በር አጠገብ የደገፈው ግን ራሱ ነው። እንዲህ የተደገፈ ዱላ ከመላላቱም ሌላ ይጎብጣል።

ይህ ሁሉ ለጎጃም ልጅ አዲስ ትምህርት መሆኑ ነው የሚያስገርመው። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው!

የዚያን የተሳቀበትን ልጅ አባት አስቡት። ጎዛምን ይሁን ማቻከል ወይ ስናን፣ ጠዋት በሬዎቹን ይዞ ሲወጣ ትከሻው ላይ ያለው ዕቃ ከላይ እስከ ታች መጋጠሚያ ነው። ሞፈር አለ፣ እርፍ አለ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ድግር አለ፤ እነዚህን ወገል አንድ ላይ ይይዛቸዋል፤ ብረቷ ማረሻ ጫፉ ላይ ትሰካለች፣ ሞፈሩ በምራን ከቀንበር ይታሰራል። ከስድስት ዓይነት አካል የተሠራ፣ እንጨት፣ ብረትና ጠፍር የሚገናኙበት መሣሪያ ነው። ገበሬው መሬቱን የሚያየው በእርፉ በኩል ነው። ድንጋይ ሲነካ በመዳፉ ይሰማዋል፣ ሥር ሲይዘው ይሰማዋል፣ ማረሻዋ ስትጠልቅና ወደ ላይ ስትወጣ ይሰማዋል። ወገሉ ከላላ ወይም ማረሻዋ ከተንቀጠቀጠች ግን ይህን አይሰማም፤ ድግሩ ይወዛወዛል፣ ትልሙ ይንሻፈፋል፣ በሬዎቹ ያለ ጥቅም ይደክማሉ። ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? በሬዎቹን ያቆማል። ጎንበስ ብሎ ይፈትሻል። በድንጋይ ወይም በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ ያደርጋል፣ ሽብልቅ ፈልጎ ይወትፋል፣ ነቅነቅ አድርጎ ያየዋል፣ ይቀጥላል። ጤፍ የሚዘራ ከሆነ ያንኑ መሬት ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስበታልና በላላ ማረሻ አንድ ቀን አይውልም። በዚህ መሀል ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደግፎ «እጅህ ነው» ቢለው ምን እንደሚመልስለት መገመት አያቅትም።

እርግጥ ገበሬውን «እጅህ ነው» ያሉት ሰዎች አልጠፉም። ጎረቤቶቹ ግን አይደሉም። ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ አፈር ገልባጭ የውጭ ማረሻ ለኢትዮጵያ ገበሬ ሲመጣለት ኖሯል። አርሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ የተሻሻለ ማረሻ አቅርቦ ነበር። አብዛኛው ገበሬ አልወሰደውም። ለአንድ ጥንድ በሬ የሚከብድ ነበር፣ ዋጋውም ውድ ነበር፣ ሲላላም በቤት ሽብልቅ አይጠገንም። ቢሮ ውስጥ የተሰጠው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነበር፤ ገበሬው ለውጥ አይወድም ተባለ። ዱላው ልክ ነው፣ እጅህ ነው፤ ያው ነው ነገሩ፣ ሰፍቶ የአገር ፖሊሲ ሲሆን ነው። በኋላ እንደ ዶክተር መለሰ ተመስገን ያሉ መሐንዲሶች ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ ጀመሩት። ገበሬው የያዘውን ሞፈርና ቀንበር ሳይጥሉ እዚያው ላይ የሚገጠም፣ ዋልካ መሬት ላይ የሚተኛውን ውኃ የሚያጠነፍፍ መሣሪያ ሠሩ። አይባር ይባላል። እንደ ቢቸናና እነማይ ያለ የዋልካ አገር ሰው ክረምት ላይ ውኃ የተኛበት መሬት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ወደ ፑል ቤቱ እንመለስ። «የሥራ ፈት መዋያ ነው፣ ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ወሬ?» የሚል መኖሩ አይቀርም። ይሁን፣ መዋያ ነው። ልጆቹ እዚያ ናቸው፤ ይዘጋ የሚለውም ይከፈት የሚለውም ይህን አይክድም። ገንዘብ ተከፍሎበት የሚሰጥ ዕቃ ልክ መሆን አለበት። ሚዛኑ የተዛባ ባለሱቅ «ሥራ ፈት ስኳር ነው የምትገዛው» ብሎ አያመልጥም።

አሁን ለባለቤቶቹ አንድ ጥያቄ። የሚፈታ ዱላ ለምን ተፈጠረ? ለጉዞ። ባለቤቱ ለሁለት ፈትቶ በከረጢት ይዞት እንዲሄድ። መጋጠሚያ በራሱ ለጨዋታው አንድም ነገር አይጨምርም፤ በጣም ጥሩው መጋጠሚያ የሚመሰገነው እንደሌለ ሲሆን ነው። ታዲያ ግድግዳ ላይ ተወልዶ ግድግዳ ላይ የሚያረጅ ዱላ የት ሊሄድ ነው ለሁለት የተከፈለው? በሌላው ዓለም ለቤት መጫወቻ የሚቀመጠው ዱላ ብዙ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ እንጨት ነው። የሚላላ ወገብ የለውም፣ የሚለቅ ናስ የለውም፣ የሚበላ ፊሌቶ የለውም። ቀለበት ስለሌለው ግን አያምርም። ስለማያምር አይገዛም። ደንበኛው ቀለበት ይወዳል ብሎ ቀለበት የገዛ ባለቤት፣ ደንበኛው የሚጫወትበትን ዱላ ከባንኮኒ ጀርባ ሲደብቅ ራሱን መታዘብ አለበት።

ያለውን መጣል አይቻልም ካላችሁም መንገድ አለ። ከተማው ውስጥ ቶርኖ የሚሠራ ሰው አለ፣ አናጢ አለ። የለቀቀውን ናስ አውጥቶ፣ አሮጌውን ኮላ ጠርጎ፣ በጠንካራ ሁለት ውህድ ኮላ መልሶ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ለእነዚህ ሰዎች ከባድ ሥራ አይደለም። የተበላውን ፊት እኩል አድርጎ መላግም እንዲሁ። ብሎኑ ላይ ከፌስታል ይልቅ ትንሽ ሰም ማድረግ፣ ከመግጠም በፊት የቾኩን ብናኝ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ዱላውን ከግድግዳው ነጠል አድርጎ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት መደርደሪያ ማኖር ደግሞ ምንም አያስወጣም። የማይደረገው ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። ልጁ ዝም ብሎ ስለሚከፍል ነው። የተሳቀበት ሰው ዱላውን ሁለተኛ አያነሳም፣ እጁን ማየት ይጀምራል፤ እንዲያውም ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣና እጁን ሊያስተካክል ሌላ ጨዋታ ይከፍላል። «እጅህ ነው» ማለት ለቤቱ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ልብ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለደንበኞቹ። እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ከስድስቱ የትኛው እንደሚጮኽ፣ የትኛው እንደጎበጠ፣ የትኛው ፌስታል እንደጎረሰ ከባለቤቱ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አዲስ ልጅ ሲገባና መጥፎውን ሲያነሳ ዓይታችሁ ዝም የምትሉት የተሸነፈ ስለሚከፍል ነው። ይህን ድል ብላችሁ ቤት አትውሰዱት።

ነገ ማታ ስትገቡ ዱላውን ከማንሳታችሁ በፊት ፍቱት፤ ፊቱን ጥረጉ፣ መልሳችሁ ግጠሙት፣ ወደ መብራቱ አቅርባችሁ መሀሉን እዩ። ከዚያ በሁለት ጣት ከመሀል ከፍ አድርጋችሁ ያዙትና ወፍራሙን ጫፍ ወለሉን መታ አድርጉበት። ደህና ከሆነ «ቋ» ብሎ ዝም ይላል። «ጥዝ» ካለ ግድግዳው ላይ አትመልሱት፤ ሌላ ልጅ ያነሳዋል። ባንኮኒው ላይ አስተኙትና ከጀርባ ያለውን ስጡን በሉ።